በእትዬ ገንዘብ እስከ መቼ ልሩጥ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 23 ነው። የተወለድኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ሩጫ የጀመርኩት በትምህርት ቤት ውድድር ሲሆን በኋላ ለወረዳ፣ ከዚያም ለዞን ተመርጬ ሮጫለሁ። 18 ዓመት ሲሆነኝ አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ተቀበለኝ። ርቀቴ 1500 ሜትር ነው፤ እስካሁን ያመጣሁት ጥሩ ሰዓት 4 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው። ክለብ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የቀኝ እግሬ የተረከዝ ጅማት ታመመ። አርፌ ስመለስ ያመኛል፣ እንደገና አርፋለሁ፣ እንደገና ያመኛል። እንዲህ እያልኩ ሁለት የውድድር ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ዓመት ክለቡ ውሌን ሳያድስልኝ ቀረ።

አሁን ለገጣፎ ከሁለት ሯጮች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ኪራዬንም ቀለቤንም የምትሸፍንልኝ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። ከ1,000 ሪያል ደመወዟ በየወሩ 350 ትልክልኛለች፤ ከታመምኩ ጀምሮ ስትልክልኝ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ቻይና በሚደረግ የጎዳና ውድድር አስገባሻለሁ ብሎ ለቪዛና ለግብዣ ደብዳቤ 70,000 ብር ተቀበለኝ። እርሱንም የላከችው እትዬ ናት። ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ለእርሷ ግን «ቪዛው ተከለከለ» ብዬ ነው የነገርኳት።

ሰሞኑን ደውላ «እኔም እኮ ደከመኝ፣ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። እናቴ ወደ አገር ቤት ተመልሼ ትዳር እንድይዝ ትፈልጋለች። አብረውኝ ከሚኖሩት ልጆች አንዷ «ሁሉም የሚወስደው» የምትለው መርፌ እንዳለ ነግራኛለች፤ እስካሁን እሺ አላልኩም። ሩጫን መተው ሞት መስሎ ይታየኛል። ጀግኖቻችን ሁሉ በቴሌቪዥን ሲጠየቁ «ተስፋ አልቆረጥኩም» ይላሉ። እኔስ ልቀጥል ወይስ ልተው?»

ሯጯ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦

ውድ ሯጯ፣ ከመርፌው ልጀምር፤ ስለ እርሱ የምለው አጭር ነው። አትንኪው። ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያበዛ የሚወጋው ኢፒኦ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘን ሯጭ እንኳ አራት ዓመት ያሳግዳል። በ23 ላይ አራት ሲጨመር 27 ነው። በአገራችን ሕግ ደግሞ ነገሩ ወንጀል በመሆኑ በዚሁ ምክንያት እስር ቤት የገባ የማራቶን ሯጭ አለ። «ሁሉም ይወስደዋል» ማለት ሳይወስዱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የሚሮጡትን ሁሉ መስደብ ነው። እሺ አለማለትሽ አኩርቶኛል፤ ነገር ግን መርፌ በሚገባበት ክፍል ውስጥ ማደር በራሱ አደጋ ስላለው ሌላ ክፍል ፈልጊ። ይህ በዚሁ ይዘጋ።

«ልቀጥል ወይስ ልተው?» ብለሽኛል። ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥልሽ ከሆነ አልመርጥም። «በርቺ፣ ተስፋ አትቁረጪ» ብዬ ብጽፍልሽ እኔ ምንም አልከፍልም፤ ከፋይዋ ሪያድ ናት። «ተዪው» ብዬ ብጽፍልሽም ነገ ጠዋት ጫማሽን ስታይ የሚሰማሽን የምትችይው አንቺ እንጂ እኔ አይደለሁም። ከእኔም ከአንቺም ይልቅ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እትዬ ናት። እስከ መቼ? እኔ በዚያ ላይ ሁለት ብቻ እጨምራለሁ፦ በየትኛው ርቀት፣ በማን ገንዘብ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሕልም «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፤ ባለቤቱ የቱንም ያህል ጥርሱን ቢነክስ።

ጀግኖቻችን «ተስፋ አልቆረጥኩም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ማይክሮፎን የሚቀርበው ላሸነፈ ሰው ነው። በንጋት እንጦጦ፣ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ መንገድ ዳር የቆመ ሰው በጨለማው ውስጥ ተሰልፈው የሚያልፉትን ሯጮች ኮቴ ይሰማል፤ አንቺ ከመካከላቸው ስለሆንሽ ከእኔ ይልቅ ታውቂያቸዋለሽ። ከእነዚያ ውስጥ ተስፋ የቆረጠ ማን አለ? ሁሉም ርቦት ያውቃል፣ ሁሉም ታሞ ተነሥቷል፣ ሁሉም ዘመድ «አሁንስ በቃህ» ብሎታል። በአንድ የኦሊምፒክ ርቀት አገራችን ልታሰልፍ የምትችለው ግን ከሦስት ሰው አይበልጥም። የቀሩት ጽናት አጥሯቸው አይደለም የቀሩት። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ያሰብሽው ባይሆን ራስሽን «ሰነፍ ነበርኩ» ብለሽ እንዳትኮንኚ ነው። እንዲህ ያለውን ኩነኔ ተሸክመው ዓመታት የኖሩ ሰዎች ደብዳቤ ይደርሰኛል፤ አንጀት ይበላል።

አሁን ወደ 4፡17 እንምጣ። ለፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች 1500 ሜትር ሚኒማ፣ ማለትም ለመግባት የሚጠየቀው ሰዓት፣ 4፡02.50 ነበር። በመካከሉ ያለው 14 ሰከንድ ተኩል ሲያወሩት ትንሽ ነው፤ መሙ ላይ ግን ከ80 ሜትር በላይ ይሆናል። የፊተኞቹ መስመሩን ሲያልፉ አንቺ የመጨረሻውን ቀጥታ ገና መጀመርሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ የተሮጠ ሰዓት ዝቅ ባለ ቦታ ጥቂት ሰከንዶች እንደሚሻሻል አውቃለሁ። ያም ሆኖ ሚኒማውን ብታሟዪ እንኳ ከፊትሽ የሚጠብቁሽ የአገርሽ ልጆች ናቸው፤ ገንዘቤ ዲባባ 3፡50.07፣ ጉዳፍ ጸጋይ 3፡50.30 የሮጡበት ርቀት ነው። በዚያ ላይ የመረጥሽው ርቀት የታመመውን ጅማትሽን ነጥሎ የሚቀጣ ነው። ስፓይክ የሚባለው ሥሩ ሹል ጥርስ ያለው የመም ጫማ ተረከዙ ዝቅ ያለ ነው፣ ፍጥነቱ በእግር ጣት ያስሮጣል፣ ኩርባው አንዱን እግር ከሌላው አብልጦ ይጎትታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ታርፊያለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ ያምሻል። ይህን አንቺ ጽናት ብለሽዋል። እኔ ያንኑ ስሕተት መደጋገም ነው የምለው፤ ይቅርታ አድርጊልኝና።

ከታዋቂዎቹ አንድ ታሪክ ብቻ ልጥቀስ፤ እርሱም ከጅማትሽ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ትዕግሥት አሰፋ በአውሮፓውያኑ 2016 ሪዮ ኦሊምፒክ የሄደችው ለ800 ሜትር ነበር። ማጣሪያውን ሳታልፍ ቀረች። ስፓይኩ የተረከዝ ጅማቷን ስለጎዳው መሙን ትታ ወደ ጎዳና ወጣች። የመጀመሪያ ማራቶኗን የሮጠችው በ2022 መጋቢት ላይ ሪያድ ነው፤ አዎ፣ እትዬ ባለችበት ከተማ። ሰዓቷ 2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ነበር። በዚያን ቀን ማንም ጋዜጣ የፊት ገጹን አልሰጣትም፤ 2፡34 በእኛ አገር ሴቶች ዘንድ የሚወራ ሰዓት አይደለም። በስድስተኛው ወር በርሊን ላይ 2፡15፡37 ገባች። በዓመቱ እዚያው በርሊን 2፡11፡53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። ከዚያ በኋላም ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነላትም፤ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቁን በሦስት ሰከንድ፣ በ2025 ቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና በሁለት ሰከንድ አጣችው።

ከዚህ ታሪክ አንቺ የምትፈልጊውን ብቻ መርጠሽ እንዳትወስጂ እሰጋለሁ። ትዕግሥት በ800 ሜትር ከሁለት ደቂቃ በታች የገባች፣ ለአገር የተመረጠች ሯጭ ነበረች፤ አንቺ እዚያ አልደረስሽም። ርቀት መቀየር ተአምር አይሠራም። ነገር ግን ልብ ብለሽ እዪው፦ የማይሆነውን ትታለች። 800 ሜትር ላይ ሙጭጭ ብትል ኖሮ ዛሬ ስሟን የሚያነሣ ሰው ባልኖረ ነበር። አንቺ ደግሞ «ሩጫን መተው ሞት ነው» ስትዪኝ 1500 ሜትርንና ሩጫን አንድ አድርገሻቸዋል። የአሥር ኪሎ ሜትር ጎዳና በወፍራም ጫማ፣ በተመጠነ እርምጃ የሚሮጥ ነው፤ ጅማትሽ ከዳነ ልትሞክሪው የሚገባው እርሱን ይመስለኛል። ውሳኔው ግን አንድ አሰልጣኝ አይቶሽ መሆን አለበት፤ እኔ ዓምድ ጸሐፊ ነኝ።

ጅማቱ ከዳነ አልኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁሉም ነገር የተሰቀለው በዚያች በአንድ ጅማት ላይ ነውና። የተረከዝ ጅማት በዕረፍት ብቻ አይድንም። ስታርፊ ሕመሙ ይጠፋል፣ ጅማቱ ግን ይበልጥ ይደክማል፤ ስለዚህ ስትመለሺ በትንሹ ሸክም እንደገና ይቆጣል። የደረሰብሽ ይኸው ነው። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ራሱ ሯጭ ነበርና ጅማቱ ታሞበት ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት አለቃውን ቢለምን፣ አለቃው ሥራ ትፈታብኛለህ ብሎ ከለከለው ይባላል። ሐኪሙም ተናድዶ ጅማቱን እስኪበጥሰው ድረስ ሊያስጨንቀው፣ በዚያም አለቃውን በግድ እሺ ሊያሰኝ ቆርጦ ከባድ ሸክም ይጭንበት ጀመር። ጅማቱ በመበጠስ ፈንታ ዳነ። ከዚያ የመጣው ልምምድ ዛሬ በዓለም ሁሉ የስፖርት ሕክምና ይታወቃል። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶችሽ ትቆሚያለሽ፤ በሁለቱም እግሮችሽ ከፍ ትዪና ክብደትሽን ወደታመመው እግር አዙረሽ ተረከዙን ከደረጃው በታች ቀስ ብለሽ ታወርጃለሽ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ተዘርግቶ፤ እንደገና 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ታጥፎ። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። አሰልቺ ነው። ማንም አያጨበጭብም። ሲጀመር ያምማል።

ብቻሽን እንዳትጀምሪው ግን። ሕመሙ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ከሆነ ከደረጃ በታች መውረድ ያባብሰዋል፤ በደልዳላ ወለል ላይ ነው የሚሠራው። የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚነግርሽ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ክፍሉ ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ፤ ወረፋው ቢያስመርርም ዋጋው ከአቅም በላይ አይሆንም። ጅማቱ ውስጥ ኮርቲዞን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ውጋኝ ብለሽ የምትለምኚ ከሆነ ደግሞ ጅማት የሚበጥስበት ጊዜ እንዳለ እወቂ። ማሸት፣ ቅባት፣ የሠፈር ወጌሻ… እነዚህን ሞክረሽ እንደጨረስሽ እገምታለሁ።

አሁን ወደ እትዬ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አንቺ ሕልም ብዙ ጽፈሻል። እርሷ ሪያድ ስትሄድ ምን አስባ እንደነበር፣ ምን ልታደርግ ገንዘብ ታጠራቅም እንደነበር አንድም ቃል የለበትም። አስታውሰሽ ተውሽው ወይስ ጠይቀሻት አታውቂም? በ1,000 ሪያል ላይ 350 ማለት ከደመወዟ ከሲሶው ይበልጣል። በሦስት ዓመት 12,600 ሪያል ይሆናል። ከሦስቱ ዓመት አንዱን ሙሉ፣ ከዚያም አልፎ፣ የሰው ቤት ወለል ስትወለውል የቆየችው ለአንቺ ነው ማለት ነው። 70,000 ብሩ በዚያ ላይ ነው። እትዬ አንዴም አልቆጠረችብሽም ይሆናል፤ ታላቅ እህት እንዲያ ናት። አንቺ ግን መቁጠር ነበረብሽ። ሰው ሕልም አለኝ ሲል ቤተሰብ ሁሉ ትከሻውን እንዲሰጥ የምናደርገው እኛ አገር የተለመደ ነው፤ ሲሳካ የጋራ፣ ሳይሳካ የማንም። እኔ ይህ ልማድ ደስ አይለኝም። በራስሽ ጉልበት ሌሊት ተነሥተሽ ብትሮጪ እስከ 40 ዓመትሽ ሩጪ፤ ማንም አይጠይቅሽም። በእርሷ ጉልበት ሲሆን ግን ልክና ቀን ይኖረዋል።

የቪዛውን ውሸት አውጪው። ገንዘቡን የወሰደው አታላይ ነው፤ አንቺ የወሰድሽባት እውነቱን ነው። «ቪዛ ተከለከለ» ስትያት የሚቀጥለው ዓመት ሊፈቀድ ይችላል ብላ ተስፋ ታደርጋለች፤ በዚያ ተስፋ ላይ ተመሥርታ መላኳን ትቀጥላለች።

ስለ ሰውየውም ጥቂት ልበል፤ እንዲህ ያሉት በዝተዋልና። የሩጫ ማናጀር የሚባለው ሕጋዊ የአትሌት ወኪል ፈቃድ ያለው ነው፤ ፈቃድ ያላቸውን ስም ዝርዝር የዓለም አትሌቲክስ በድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት አድርጎ ያወጣዋል። ገቢውም የሚመጣው ሯጩ ካገኘ በኋላ ነው፤ የተለመደው ከሽልማቱ 15 በመቶ ነው። ሳትሮጪ ገንዘብ አምጪ የሚልሽ ማንም ይሁን ማን ማናጀር አይደለም። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ይዘሽ ለፖሊስ አመልክቺ። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። ነገር ግን ያው ሰው ነገ ሌላ ደጅ ያንኳኳል፤ ስሙ በአንድ መዝገብ ላይ መስፈሩ ለሌላዋ ይጠቅማታል።

እንግዲህ እስከ መቼ ለሚለው፦ ዛሬ ታኅሣሥ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ ኅዳር ላይ ይካሄዳል፤ ርቀቱ አሥር ኪሎ ሜትር ነው፣ ክለቦችም ማናጀሮችም ዓይናቸውን የሚጥሉበት ነው። አሸናፊዋ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከ31 እስከ 33 ደቂቃ ባለው ውስጥ ትገባለች። 12 ሳምንቱን ለጅማቱ ስጪው። እስከ ሰኔ ድረስ ዱብ ዱብና ረጅም ልምምድ ብቻ፤ ስፓይክ አትንኪ። ክረምቱን ፍጥነት ጨምሪ። ኅዳር ላይ ከ35 ደቂቃ በታች ገብተሽ በማግስቱ ጠዋት እግርሽ ሳያነክስ ከተነሣሽ፣ ክለብ ደጅ ሄደሽ የምታሳዪው ነገር አለሽ። ቁጥሩን አሰልጣኝሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ዋናው፣ ከውድድሩ በፊት ተጽፎ እትዬም አንቺም እጅ ላይ መገኘቱ ነው፤ ከውድድሩ በኋላ የሚወጣ ቁጥር ሁልጊዜ ለሯጩ ያደላል።

እስከዚያ ግማሽ ቀን ሥራ ፈልጊ። ልምምድሽ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላው የአንቺ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያቆም ሥራ ጅማትሽን ስለሚጎዳው ተቀምጠሽ የምትሠሪውን ምረጪ፤ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይነት፣ የጂም መዝጋቢነት፣ እንዲህ ያለውን። ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ ደግሞ ቢሮ የሚውሉ ሰዎች አብሯቸው የሚሮጥና የሚያሠራቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ለአንቺ ዱብ ዱብ የሆነው ለእነርሱ ከባድ ልምምድ ነው፣ ይከፍሉበታል። «ሥራ ልምምዴን ያበላሽብኛል» ትዪ ይሆናል። እስካሁን ያለ ሥራ የተደረገው ልምምድ የት አደረሰሽ? የትምህርትሽንም ነገር አልነገርሽኝም፤ 12ኛን ካልጨረስሽ የማታውን ተመዝገቢ።

ኅዳር ላይ ባይሆንስ? ያን ጊዜ የምታቆሚው የእትዬን ገንዘብ መቀበል ነው። ከዚያ ወዲያ ስትሮጪ በራስሽ ደመወዝ ነው። የአገራችን ሩጫ ደግሞ ሜዳሊያ ባጠለቁት ብቻ የቆመ አይደለም። በቆጂ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑ ሰው ናቸው፤ ስማቸው የታወቀው በሌሎች እግር ነው። የአንደኛ ደረጃ የአሰልጣኝነት ሥልጠና የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ስትታመሚ፣ ስታርፊ፣ ስትታለይ ያየሽው ሁሉ እዚያ ይጠቅማል። አሁን ይህን ስትሰሚ ፊትሽ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። አሰልጣኝ ልሁን ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ቢሆንም አስቀምጪው።

በተጠባባቂነት መቆየትም ውርደት አይደለም። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው በእርሱ ቦታ የገባው። ተጠባባቂ ነኝ ብሎ ልምምዱን ቢያላላ ኖሮ 2፡06፡26 በሆነ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አያሸንፍም ነበር። አንቺን የሚመለከትሽ ሜዳሊያው አይደለም፤ ስሙ ሳይጠራ የሠራቸው ሳምንታት ናቸው።

እናትሽን በተመለከተ፦ ትዳር የሩጫ ጠላት አይደለም፤ ደራርቱ በአውሮፓውያኑ 1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ የአሥር ሺሕ ሜትር ወርቅ አምጥታለች። ነገር ግን ክለብ ስላባረረሽ ብቻ የሚደረግ ጋብቻ ለአንቺም ለባልሽም አይበጅም። ለእናትሽ «እስከ ኅዳር ታገሺኝ» በያት። እናቶች ቀን ሲቆረጥላቸው ይቀልላቸዋል።

ከሁሉ አስቀድመሽ ግን ወደ ሪያድ ደውዪ። የዕረፍት ቀኗን ጠብቂ፤ ሥራ ላይ ሆና በጥድፊያ አትንገሪያት። ምን እንደምትያት ካልመጣልሽ እንዲህ በያት፦

«እትዬ፣ ቪዛው አልተከለከለም። ሰውየው አታለለኝ፣ ገንዘብሽን ይዞ ጠፋ። ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ። አሁን እግሬን በደንብ ልታከምና እስከ ኅዳር አንድ ጊዜ ልሞክር። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 150 ብቻ ላኪልኝ፤ የቀረውን ሠርቼ እሞላለሁ። ኅዳር ላይ ያልኩትን ሰዓት ካላመጣሁ ከዚያ በኋላ ለሩጫ ብዬ ገንዘብ አልጠይቅሽም። አንቺስ ስትሄጂ ምን አስበሽ ነበር?»

ልትቆጣ ትችላለች፤ ትቆጣ። ስለ ሩጫሽ ሌላ ቃል ሳትጨምሪ ለመጨረሻው ጥያቄ የምትሰጥሽን መልስ እስከ መጨረሻው ስሚ። ወደ አገሬ ልመለስ ነው ካለች፣ ወይም 150ውንም አልልክም ካለች፣ አትከራከሪያት፤ ግማሽ ቀን ያልነውን ሥራ ሙሉ ቀን አድርጊው። ልምምዱን በጠዋት ብቻ ወስኚው፤ የደረጃው ልምምድ እንደሆነ በቀን ሩብ ሰዓት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።